ሰማይ አሳየው

ሃያ ምናምን ነው ይሉኛል የላይ ዓይን፤
ሁሉን ያያል አሉ፤ አላየም ግን እኔን።

ጠዳ ጤና ጣቢያ አክታ ተረክቤ፣
የበረዶ ሣጥኑን ከኋላ ደርቤ፣
አዘዞን ሳላልፍ፣ ገና ሳይሞቅ ፀሐይ፣
ሰማያዊ ነጥቤ ትዋኛለች መገጭ ወንዙ ላይ።
ከላብራቶሪው ደብሪቱ ደወለች፤
«ዋና መቼ ለመድክ? ናሙናው ሊሞቅ ነው» አለች።

ሳቅ አልመጣልኝም።
ትናንትም በግንቡ ጥግ ጥጉን ስወርድ
አጥሩን ዘላ ገባች፣ ቲኬት እንኳ ሳትወስድ፤
ነገሥታት ጋ ቆማ «ታጠፍ ወደ ግራ»
አለችኝ፤ በግራ ግንብ ነው፣ ድንጋይ በኖራ።

ስልኩን ገለበጥኩት፤ አጥፍቼ አበራሁት፤
ሽፋኑን አውልቄ በሸሚዝ ጠረግሁት።
አንዱ «ኔትወርክ ነው» አለ፣ አንዱ «ዕድልህ ነው»፣
አንዱ ደግሞ ምሎ «የሞተሩ ቀለም ነው»።

አዲስ ዓለም ወረድኩ።
ከመስጊዱ አለፍ ሲል፣ ሳንቃዋ የላላ
አንዲት ሱቅ አለች፤
ሐጂ ኑርዬ የሞተ ራዲዮ ያስነሡባታል።
ስልኬን አላዩትም። ሞተሬን ዞሩና
የታንከሩን ቦርሳ በጣታቸው ነካኩና
«እዚህ ውስጥ ነው?» አሉ።
«አዎ።»
«ከማግኔቱ ጋር? ከእርጥብ ጨርቅ ሥር?»
«ዝናብ እንዳይነካው ብዬ…»
«ልጄ፣ የተደፋ ድስት ውስጥ ተቀምጠህ
ጨረቃን አጣኋት ልትለኝ ነው እንዴ?
ሰማይ አሳየው እንጂ።»

ቀጠሉ፣ መነጽራቸውን በሸማቸው እየጠረጉ፤
«የላዮቹ ድምፅ ሹክሹክታን ያክላል፤
ይህ ርካሽ ቻርጀርህ ጆሮው ሥር ያቅራራል፤
ፎካሪ ባለበት ሹክ ያለ ማን ይሰማል?»

ከአሮጌ ቴሌቪዥን ሆድ ጥቁር ቀለበት አወጡ፤
የቻርጀሩን ሽቦ ሦስቴ አዞሩበት፣ ዝም አለ።
ስልኩን ከመስታወቱ አንገት ላይ አሰሩት።
የክብሪት ቀፎ የምታክል መቀበያ
ከሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጡ፣
ከሥሯም የዱቄት ወተት ክዳን፣ በመቀስ የተስተካከለ።
«ቆርቆሮዋ ምን ትሠራለች?»
«ከታች የሚነጥር ወሬ አለ፣
ከግንብ፣ ከድንጋይ፣ ከሚኒባስ ጣሪያ።
እሱን ትመልስለታለች።
ከላይ የመጣውን ብቻ ይስማ።»

«ስንት ልክፈል?» አልኩ።
«ስትደርስ» አሉ።
«አደራ ግን፣ አስነሥተህ እንዳትፈተለክ፤
ገላጣ ፈልገህ አንዲት ደቂቃ ቁም።
መጀመሪያ ያለበትን ይወቅ፣ ከዚያ ይመራሃል።»

እኔ መቆም አላውቅም ነበር።
ቀይ መብራት እንኳ ያሳክከኛል።
ጠዳ፣ የጤና ጣቢያው ግቢ መሃል
ራቁቱን በቆመ ሰማይ ሥር ቆምኩ፤
አራት ያዘ፣ ሰባት ያዘ፣ ዘጠኝ።
የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ በመስኮት አየችኝና
«እየጸለይክ ነው?» አለች።
«ኧረ፣ እየጠበቅሁ ነው።»
«ማንን?»
ምን ልበላት? ወደ ላይ ጠቆምኩ።
አማተበች።

ከኮላድባ ሌሊት በዝናብ ስመለስ፣
ባሕር ዛፉ ረጥቦ ሰማዩን ሲያለብስ፣
ነጥቤ ደነበረች፤ ወዲያው ግን ተመልሳ
አስፋልቱን ያዘች፣ ዓይኗን እንደ ገለጠች ከእንቅልፏ ተነሥታ።
ደብሪቱ ሣጥኑን ተቀብላ ዳሰሰችው፤
«ቀዝቃዛ ነው» አለች። «ዛሬስ በመንገድ ነው የመጣኸው።»

ቤቴ ደርሼ ሞተሬን ሳቆም ግን
ነጥቤ ሰባት ክንድ ፈቀቅ ብላ፣
አጥሩን ተሻግራ፣
ከአልጣሽ ጓዳ ገባች፤
ከጎረቤታችን፣
ባሏ መተማ ከከረመው።
ዝም ብላ ብልጭ ትላለች እዚያው።

ይህን ለትርንጎ፣ ለባለቤቴ፣
አልነገርኳትም።
ነገ በጠዋት ሐጂ ዘንድ እወርዳለሁ፤
ገንዘባቸውንም ያኔ እከፍላለሁ።